ከእድር ጥሩምባ እስከ ኤፍ ኤም፡- የማኅበረሰብ ሬዲዮን ወጪ ማን ይሸፍናል?

“የማኅበረሰብ ሬዲዮ” የሚለው ስም በአገራችን በተለያየ ትርጉም ሲነገር ይሰማል፡፡ አንዳንዱ ከአዲስ አበባ ውጪ ያለን ማንኛውንም አነስተኛ የኤፍ ኤም ጣቢያ በዚህ ስም ይጠራዋል፡፡ ሌላው ደግሞ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ኑሮ ውድነት የሚያነጋግር ዝግጅት ሁሉ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ይመስለዋል፡፡ ሁለቱም አባባሎች በከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ጉዳይ ይስቱታል፡፡

እኔ ለተወሰኑ ዓመታት የአየር ሰዓት ገዝቶ በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ ሳምንታዊ ዝግጅት በሚያቀርብ አነስተኛ ቡድን ውስጥ በአዘጋጅነት ሠርቻለሁ፡፡ ከዚያ ልምድ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ፡፡ አንድን ጣቢያ ወይም ዝግጅት የማኅበረሰብ የሚያሰኘው የሚያወራበት ርዕስ ብቻ አይደለም፡፡ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? የሚነሳውን ጥያቄ የሚመርጠውስ ማን ነው? መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የማኅበረሰብ ሬዲዮን ምንነት፣ አመጣጡንና አሠራሩን ከዚህ አንፃር ለአንባቢያን ለማቅረብ እሞክራለሁ፡፡ የውጭ አገር ታሪኮችን በምጠቅስበት ጊዜ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የብሮድካስት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ሕግ ያገኘው በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 178 ነው፡፡ ከዚያ በኋላ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 የብሮድካስት አገልግሎትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ በማለት በሦስት ከፈለው፡፡ በአዋጁ መሠረት የማኅበረሰብ ብሮድካስት ማለት በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ፍላጎት ያለው ማኅበረሰብ በራሱ ፈቃድና ፍላጎት የሚያቋቁመው፣ ለትርፍ ያልቆመ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን አገልግሎት ነው፡፡ ይህን አዋጅ የተካው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲሆን፣ የማኅበረሰብ መገናኛ ብዙኃንን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ይዞ ቀጥሏል፡፡

በትርጉሙ ውስጥ ሁለት ቃላት ልብ ሊባሉ ይገባል፡፡ አንደኛው “ለትርፍ ያልቆመ” የሚለው ነው፡፡ ይህ ማለት ግን ጣቢያው ገንዘብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ ያገኘውን መልሶ ለሥራው ያውላል ማለት ነው፡፡ ሁለተኛው “በራሱ ፈቃድ የሚያቋቁመው” የሚለው ነው፡፡ ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ ገብቶ የሚቀመጠው ግን ማኅበረሰቡ ራሱ መሆን አለበት፡፡ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፡፡

ሦስት አጀማመሮች፣ ሦስት ከፋዮች

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ታሪክ በአንድ ቦታ አልተጀመረም፡፡ በተቀራራቢ ዓመታት በሦስት ቦታዎች የተጀመሩ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይጠቀሳሉ፡፡

የመጀመሪያው በኮሎምቢያ ነው፡፡ ሆሴ ሆአኪን ሳልሴዶ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ በ1947 ሱታቴንሳ በምትባል የተራራ መንደር ሬዲዮ አቋቁመው ገበሬዎችን ፊደል፣ ሒሳብ፣ የጤና አጠባበቅና የእርሻ ዘዴ ማስተማር ጀመሩ፡፡ ትምህርቱ በየጎጆው የሚሰማ ሲሆን፣ አንድ ማንበብ የሚችል የመንደሩ ሰው በረዳትነት አብሮ ይቀመጥ ነበር፡፡ ለገበሬዎቹ ከታደሉት መቀበያዎች መካከል ከሱታቴንሳ በስተቀር ሌላ ጣቢያ እንዳይዙ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ፡፡ ከፋዮቹ ቤተ ክርስቲያንና ለጋሾች ነበሩ፤ ጥያቄውን የሚመርጡትም እነርሱ ነበሩ፡፡ ብዙ ሕዝብ ፊደል የቆጠረበት ይህ ጣቢያ በገንዘብ ችግር ተዳክሞ በ1989 ለንግድ ሬዲዮ ድርጅት ተሸጠ፡፡

ሁለተኛው በቦሊቪያ ነው፡፡ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆርቆሮ ማዕድን ሠራተኞች በየማዕድኑ መንደር የራሳቸውን ጣቢያ ከፈቱ፡፡ ገንዘቡ የተገኘው ሠራተኛው ከደሞዙ እየቆረጠ በሚያዋጣው መዋጮ ነበር፡፡ በጣቢያዎቹ የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ይተላለፋል፤ የጠፋ ልጅ ይፈለጋል፤ የልደት መልካም ምኞት ይነገራል፤ የእግር ኳስ ግጥሚያ ይዘገባል፡፡ በ1980 በአገሪቱ የጦር መኮንኖች መንግሥት ሲገለብጡ እነዚህ ጣቢያዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉ፣ ሠራዊቱ አንድ በአንድ እስኪይዛቸው ድረስ ስለሁኔታው አሰራጭተዋል፡፡ የአዘቦት ቀን የልደት ምኞት ሲያሰማ የኖረ ጣቢያ በክፉ ቀን የሚታመን ምስክር ሆነ፡፡

ሦስተኛው በአሜሪካ ነው፡፡ ሉዊስ ሂል የተባለ ጋዜጠኛና ጓደኞቹ በ1949 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ ኬ ፒ ኤፍ ኤ የተባለ ጣቢያ ከፈቱ፡፡ ሐሳባቸው ማስታወቂያ ሳይቀበሉ አድማጩ በፈቃዱ በሚከፍለው ዓመታዊ መዋጮ መተዳደር ነበር፡፡ ጣቢያው በ1950 ገንዘብ አልቆበት ከአየር ወረደ፡፡ አድማጮች ገንዘብ አሰባስበው በ1951 መለሱት፤ ዛሬም አለ፡፡

ሦስቱን ስናነጻጽር ረጅም ዕድሜ ያገኘው የሀብታም ለጋሽ ያለው አለመሆኑን እናያለን፡፡ ለጋሽ ሲደክመው ጣቢያው አብሮት ይደክማል፡፡ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ብዙ ሰዎች ያሉት ግን ቢወድቅም የሚያነሳው አያጣም፡፡

ወደ አፍሪካ ሲመጣ

በአህጉራችን ከቀደምቶቹ የማኅበረሰብ ጣቢያዎች አንዱ በ1982 በዩኔስኮ ድጋፍ በኬንያ ሆማ ቤይ የተከፈተው ነው፡፡ ማሠራጫው አነስተኛ፣ መሣሪያውም ርካሽ ነበር፡፡ ሐሳቡ የነበረው አንድ ወረዳ በራሱ አቅም ሊይዘው የሚችል ሬዲዮ ይቻላል የሚለውን ለማሳየት ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1984 በመንግሥት ውሳኔ ተዘጋ፡፡

የደቡብ አፍሪካው ቡሽ ሬዲዮ ታሪክ ለየት ይላል፡፡ አጀማመሩ በካሴት ነው፡፡ በአፓርታይድ ዘመን በኬፕ ታውን የነበሩ የመብት ተሟጋቾች በመንግሥት ሬዲዮ የማይሰማውን ንግግርና ውይይት በካሴት እየቀዱ ያሰራጩ ነበር፡፡ በ1993 ያለ ፈቃድ ለጥቂት ሰዓታት አየር ላይ ሲወጡ ፖሊስ ደርሶ መሣሪያቸውን ወሰደ፡፡ በ1995 ግን ሕጋዊ ፈቃድ አገኙ፡፡ ከዚያ በኋላ ሕፃናት ራሳቸው የሚያዘጋጁትና የሚያቀርቡት ፕሮግራም በመክፈት፣ ወጣቶች ስለ ኤች አይ ቪ በሂፕ ሆፕ ሙዚቃ እንዲነጋገሩ በማድረግና በየዓመቱ አዳዲስ ጋዜጠኞችን በማሠልጠን ይታወቃሉ፡፡ ቡሽ ሬዲዮ አድማጭ የነበረው አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው፡፡ ካሴቱን ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፈ ሕዝብ ጣቢያውን የኔ ለማለት አልተቸገረም፡፡

በእኛ አገር፡- “እረኛ ምን አለ?”

ጥንት ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ “እረኛ ምን አለ?” ብለው ይጠይቁ እንደነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል፡፡ ወሬው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል ማለት ነው፡፡ ሬዲዮ ሲመጣ ግን መንገዱ ተገለበጠ፡፡ በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከላይ ወደ ታች የሚናገር ነበር፡፡ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል ከመንግሥት ውጪ የሆነ፣ በጤና፣ በቤተሰብና በትምህርት ላይ ሰፊ ዝግጅት የነበረው ጣቢያ ቢሆንም፣ በ1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ፡፡ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሬዲዮን ለበጎ ሥራ ተጠቅሞበታል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነበር፡፡ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፡፡

ለውጥ የመጣው በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲከፈት ነው፡፡ ጣቢያው የመንግሥት ቢሆንም የአየር ሰዓቱን ለግል አዘጋጆች መሸጥ ጀመረ፡፡ “ተባባሪ አዘጋጅ” የሚባለው ሙያ የተፈጠረውም በዚህ ጊዜ ነው፡፡ ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩና ባልደረቦቿ በዚያ ጣቢያ ያቀርቡት የነበረው የቅዳሜ ጨዋታ ዝግጅት ብዙ አድማጭ ያገኘ ሲሆን፣ በኋላ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 መነሻም ሆኗል፡፡ የዝግጅቶቹ መስህብ ቀላል ነበር፡፡ እንግዳው እንደ ባለሥልጣን መግለጫ አይሰጥም፤ እንደ ሰው ይጫወታል፡፡ ቋንቋውም የቤት ቋንቋ ነው፡፡

ተባባሪ አዘጋጅነት ለነፃ የማኅበራዊ ዝግጅቶች በር የከፈተውን ያህል ወሰንም አበጅቶላቸዋል፡፡ አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ አዘጋጁ ለጣቢያው የአየር ሰዓት ይከፍላል፤ የከፈለውን ለመመለስ ስፖንሰር ይፈልጋል፤ ስፖንሰሩ ደግሞ ስሙ ከደስታ ጋር እንዲነሳለት ይፈልጋል፡፡ እኛ በአንድ ወቅት በሰው ቤት ተቀጥረው ስለሚሠሩ ሴቶች ተከታታይ ዝግጅት ጀምረን ነበር፡፡ ድምፃቸውን የምንቀዳው በማታ ትምህርት ቤት ግቢ፣ በዕረፍት ሰዓታቸው ነበር፤ ከዚያ ውጪ የራሳቸው የሆነ ጊዜ አልነበራቸውምና፡፡ አንዷ አሠሪዋ ደግ ሴት መሆኗን ደጋግማ ከነገረችን በኋላ፣ የውጭው በር ቁልፍ ግን ለሦስት ዓመት በእጇ ገብቶ እንደማያውቅ በመሀል ጣል አደረገችልን፡፡ ያ ክፍል ከተላለፈ በኋላ ስልኩ አልቆመም፡፡ የሚያመሰግኑም፣ የሚቆጡም፣ ዝም ብለው የሚያለቅሱም ነበሩ፡፡ በሳምንቱ የስፖንሰራችን የማስታወቂያ ኃላፊ ጠርቶን ደንበኞቻቸው አሠሪዎቹ እንጂ ሠራተኞቹ አለመሆናቸውን በትሕትና አስረዳን፡፡ ውሉ ሲያልቅ አልታደሰም፡፡ ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ሥራውን ነው የሠራው፡፡ ነገር ግን ከፋዩ እርሱ ከሆነ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም እርሱ መሆኑን ያን ቀን በግልጽ አየሁት፡፡

ድራማውና ማስታወሻው

በ1990ዎቹ ማኅበራዊ ጉዳዮችን ወደ አየር ካመጡት ሥራዎች መካከል ሁለቱን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም፡፡ አንደኛው በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተዘጋጀው “የቀን ቅኝት” ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ነው፡፡ ከ1994 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በ257 ክፍሎች ተላልፏል፡፡ ዘዴው ሚጌል ሳቢዶ የተባለው የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ባለሙያ ያዳበረው ሲሆን፣ አድማጩ ከድራማው ገጸ ባሕርያት ጋር አብሮ እያደገ የራሱን ውሳኔ እንዲመዝን የሚያደርግ ነው፡፡ ለድራማው ከ15 ሺሕ በላይ የአድማጭ ደብዳቤዎች መጥተዋል፡፡ ፖስታ ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ምናልባትም ጸሐፊ ፈልጎ ለአንድ ድራማ ሰው ደብዳቤ የሚልክ አድማጭ “ዝም ብሎ የሚሰማ” ሊባል አይችልም፡፡

ሁለተኛው “ቤተኛ” የተባለው የሬዲዮ ማስታወሻ ነው፡፡ እዚህ ላይ ተዋናይ የለም፡፡ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች የሳምንት ውሏቸውን፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ አከራይ፣ ስለ ልጅ ራሳቸው በራሳቸው ድምፅ ይናገሩ ነበር፡፡ በሽታው በሹክሹክታ ብቻ ይነሳ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር፡፡

ሁለቱም በውጭ ዕርዳታ የተሠሩ ናቸው፡፡ ይህ ዋጋቸውን አያሳንስም፤ የስፖንሰር ገበያ የማይነካውን ጉዳይ የነኩትም ስለዚህ ነው፡፡ ነገር ግን ፕሮጀክት መነሻና መድረሻ አለው፡፡ በጀቱ ሲያልቅ ድምፁ ይቆማል፤ አከራዩና ተከራዩ ግን አሁንም አሉ፡፡

የማኅበረሰብ ጣቢያዎቻችን

ከ1999ኙ አዋጅ ወዲህ በአገራችን በርካታ የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ተከፍተዋል፡፡ እንደ ጅማና ሐረማያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር የተቋቋሙ አሉ፤ እንደ ዱራሜው የከምባታና እንደ ሰቆጣው የዋግ ኽምራ ጣቢያ ደግሞ በአካባቢ ማኅበረሰብ ስም የቆሙ አሉ፡፡ የእነዚህ ጣቢያዎች ትልቁ ዋጋ ቋንቋ ነው፡፡ ከማዕከል በሚተላለፍ ሬዲዮ ተራ የማይደርሳቸው እንደ ኽምጣኛና ከምባትኛ ያሉ ቋንቋዎች የገበያ ዋጋ፣ የክትባት ቀንና የሠርግ ዘፈን የሚነገርባቸው ቋንቋዎች ይሆናሉ፡፡ ለአንድ ቋንቋ ሬዲዮ ላይ መሰማት ማለት በአደባባይ መቆም ማለት ነው፡፡

ወጪያቸው ግን ቀላል አይደለም፡፡ ኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ያግደዋል፤ በእኛ መልክዓ ምድር ከማሠራጫው ዋት ይልቅ አንቴናው የሚተከልበት ከፍታ ይወስናል፡፡ ከፍታ ላይ ለመትከል መንገድ፣ ኤሌክትሪክና ጥበቃ ያስፈልጋል፡፡ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ፤ መሣሪያ ሲበላሽ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫ ይመጣል፡፡ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ጉዳይ ነው፡፡ በበጎ ፈቃድ የመጣ ወጣት ማይክራፎን መያዝና ድምፅ ኤዲት ማድረግ ከለመደ በኋላ ደሞዝ ወደሚከፍል ጣቢያ ይሄዳል፡፡ የማኅበረሰቡ ጣቢያ የሌሎች ማሠልጠኛ ሆኖ ይቀራል፡፡ ባዶውን ወንበር የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነው፡፡ ያኔ ጣቢያው የማኅበረሰቡን ስም ይዞ የጽሕፈት ቤቱን ዜና ያነባል፡፡

ጥሩ ዝግጅት እንዴት ይሠራል?

በልምድ ያየኋቸውን ዋና ዋና ነጥቦች ላስቀምጥ፡፡

አንደኛ፣ ጥያቄው ከአድማጭ ይምጣ፡፡ “የሴቶች ተሳትፎ” የሚል ርዕስ ከቢሮ የመጣ ነው፡፡ “ከቦኖ ውኃ ስመለስ ልጄን ማን ይይዝልኛል?” የሚል ግን ከቤት የመጣ ጥያቄ ነው፤ ስለዚሁ ተሳትፎ የበለጠ ይናገራል፡፡

ሁለተኛ፣ ቋንቋው ይታሰብበት፡፡ “ከግንዛቤ ማነስ የተነሳ” ብሎ የሚጀምር አቅራቢ አድማጩን ገና ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጎ አስቀምጦታል፡፡ አድማጩ ብዙ ጊዜ የጎደለው ግንዛቤ ሳይሆን ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም አማራጭ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ሰዓቱ የአድማጩን ኑሮ ይከተል፡፡ ገበሬው ሳይወጣ ማለዳ፣ የቤት እመቤቷ ቡና ስታፈላ ወይም ማታ ወጥ ስትሠራ የሚሰማ ዝግጅት ሬዲዮው አጠገብ ሰው ያገኛል፡፡ ሬዲዮ ከሌሎች መገናኛዎች የሚሻለው እጅን ስለማያስፈታ ነው፡፡

አራተኛ፣ ባለታሪኩ ይጠበቅ፡፡ በአዲስ አበባ ስም መቀየር ይበቃ ይሆናል፡፡ በአንዲት ወረዳ ከተማ ግን ስም ባይጠራም ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ ፈቃድ ሲጠየቅ “ስምሽን አንጠራም” ማለት አይበቃም፤ ነገ ገበያ ስትወጣ ምን ሊገጥማት እንደሚችል አብሮ መመካከር ያስፈልጋል፡፡ አስፈላጊ ሲሆን ታሪኩን ሌላ ሰው ያንብበው፡፡

አምስተኛ፣ ምላሹ ይከታተል፡፡ ስለተቋረጠ ውኃ የደወለ ሰው በቀጣዩ ሳምንት የውኃ ጽሕፈት ቤቱን መልስ መስማት አለበት፡፡ ኃላፊው አልተገኘም ከሆነ አልተገኘም ይባል፡፡ አድማጭ ሁለት ጊዜ ደውሎ መልስ ካጣ ሦስተኛ አይደውልም፡፡

እድሩ ምን ያስተምረናል?

ብዙ ጊዜ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለድሀ አገር የሚከብድ ቅንጦት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፡፡ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፡፡ በየሰፈራችን ያለው እድር ያለ ለጋሽ፣ ያለ ስፖንሰርና ያለ ፕሮጀክት ሰነድ ለዘመናት ቆይቷል፡፡ ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ያልመጣ ይቀጣል፤ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል፡፡ የራሱ ማሠራጫም ነበረው፡፡ ጥሩምባ ነፊው በሌሊት በየመንደሩ እየዞረ ማን እንዳረፈና ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፋል፤ የሚለፍፈው የሁሉም ጉዳይ ስለሆነ ክፍያው ላይ የሚያጉረመርም አይገኝም፡፡ ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በቀጠፈበት ዘመን ደግሞ በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉትን ሕሙማንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወደ መደገፍ መሸጋገራቸው ይታወቃል፡፡ ይህ ተቋም መልኩን መቀየር ይችላል ማለት ነው፡፡

በእርግጥ እድርን እንዳለ ወደ ስቱዲዮ ማስገባት የራሱ ችግር አለው፡፡ በብዙ እድሮች የሽማግሌዎች ቃል ይከብዳል፤ ወጣቱ፣ ተከራዩ፣ ትናንት የመጣው ሰው ድምፅ የለውም፡፡ ከላይ የጠቀስኳት የቤት ሠራተኛ የእድር አባል አይደለችም፤ አባሏ አሠሪዋ ናት፡፡ የቦሊቪያ ማዕድን ሠራተኞችን አሠራር የምንወስድ ከሆነ መዋጮው ለሁሉም የሚቻል፣ የዝግጅት ኮሚቴውም የማይከፍሉትን ጭምር የሚያካትት መሆን አለበት፡፡ ይህ በመተዳደሪያ ደንብ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው፡፡

አሁን አሁን ስልክ ያለው ሁሉ ድምፁን ቀድቶ በማኅበራዊ መገናኛ መልቀቅ ስለሚችል የሬዲዮ ዘመን አልፏል የሚሉ አሉ፡፡ መቅዳቱ በእርግጥ ቀሏል፡፡ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ጎረቤታሞችን አብሮ ማስደመጥ ግን ሌላ ሥራ ነው፡፡ ኢንተርኔት ለመክፈል ለማይችል፣ ማንበብ ለማይችል፣ እጁ ሥራ ላይ ለሆነ ሰው ሬዲዮ ዛሬም በቅርብ ያለ መሣሪያ ነው፡፡

የዚህ ጋዜጣ አንባቢ አብዛኛው ባለሙያ ነው፡፡ የማኅበረሰብ ጣቢያ ከገንዘብ እኩል የሚቸገረው በባለሙያ ነው፡፡ የሒሳብ ባለሙያ በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡን ቢመረምርለት፣ ጠበቃ ደንቡን ቢያይለት፣ ሐኪም በወር አንድ ሰዓት የአድማጭን ጥያቄ ቢመልስለት፣ መሐንዲስ አንቴናውን ቢያስተካክልለት ብዙ ወጪ ይቀንሳል፡፡ የትውልድ ቀዬዎ ወይም የሚሠሩበት ከተማ የማኅበረሰብ ጣቢያ ካለው አንድ ቀን ጎራ ይበሉና ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፡፡ ባለፈው ወር የኤሌክትሪክ ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው? የዚህን ሳምንት ርዕስ የመረጠው ማን ነው? ባለፈው ሳምንት የደወለው ሰው መልስ አግኝቷል? ሦስቱም መልሶች የአካባቢውን ሰው የሚጠቁሙ ከሆነ ጣቢያው ስሙን በሚገባ ይዞታል፤ ካልሆነም ምን እንደጎደለው አውቀዋል ማለት ነው፡፡